ቆራሌው ያልወሰደው ቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ አብዮቱ 10ኛ ዓመት ድረስ የሚታየው በጥቁርና ነጭ ነበር። ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ያለው ቤታችን ውስጥ የዚያ ዘመን ትራፊ አለ፤ አባቴ ትቶልን የሄደ ፊሊፕስ። እናቴ ዳንቴል አልብሳው ለዓመታት የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። ባለፈው ክረምት "ለቆራሌው ልስጠው" ስትል ግን አንጀቴ አልቻለም። ሰካሁት። "ጧ!" ብሎ ቤቱን በጭስ አጠነው። (ጥፋቱ የራሴ ነው።)

የሰፈራችን ቴሌቪዥን ሠሪ ጋሼ ካፓሲተርን ዛሬም "ኮንደንሰር" ነው የሚሉት። ከፍተው አሳዩኝ። ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉት ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ደግሞ ድንገት ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት አይችልም። አዲሱ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ መሆን አለበት። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገላበጠማ ሌላ "ጧ!" ነው። "ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ እጅህን ሰብስብ አንተ ልጅ!"

ስምንት ቀየርን። ከድሮው ዴክ ጋር በአንቴና ገመድ አገናኝቼ የሠርጋቸውን ካሴት ከተትኩበት። አባቴ በሱፍ ልብስ ብቅ አለ፤ ግን ከላይም ከታችም ተጨፍልቆ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"ኧረ እሱ እንዲህ አጭር አልነበረም" አለች።

ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ላይ አንድ አሮጌ ካፓሲተር ሳንቀይር ቀርተናል። ነገ ጠዋት ጋሼ ጋ ነኝ።