የት ጋ ነው የሚያሳክክህ?

ሚኒባስ ውስጥ የሰው እጅ ማየት እወዳለሁ። የአንዷ ጣቶች በበረኪናና በዱቄት ሳሙና ብዛት መጋጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። የአንዱ የእጅ አንጓ ላይ ደግሞ የሰዓት ጀርባ የምታህል ክብ ቦታ ጠቁራና ሻክራ ትታያለች። ሰዓቱን አውልቆታል። ርካሽ ሰዓት፣ የቀበቶ ዘለበትና የጆሮ ጌጥ ውስጥ የሚገኘው ኒኬል የማይስማማው ሰው ላይ በአብዛኛው የሚቆጣው ብረቱ የነካው ቆዳ ነው። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ የሚያሳክከው ሰው መጀመሪያ ቀበቶውን ይመልከት።

የቆዳ ነገር ሲነሳ ሁላችንም «ምን ልቀባ?» እንላለን። «የት ጋ ነው?» ቢቀድም ስንት ቅባት በከንቱ ባልፈሰሰ! አንድ ክርን ብቻ እንውሰድ። በውስጥ በኩል፣ ክንድ በሚታጠፍበት፣ እንዲሁም ቋንጃ ላይ የሚያሳክከው ብዙ ጊዜ ችፌ ነው። በውጭ በኩል፣ ጠረጴዛ የምንደገፍበት ላይ ወፍሮ ብርማ ቅርፊት የሚያራግፈው ደግሞ ወደ ሶሪያሲስ ያደላል። ሕፃናት ላይ ችፌ ከጉንጭ ይጀምራል። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ሌሊት የሚያክ ከሆነ ግን እከክን መጠርጠር ነው፤ እሱ ከሆነ ሁሉም በአንድ ቀን ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል።

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። መጻሕፍት ቆዳ ሲቆጣ «ይቀላል» ይላሉ፤ አብዛኛው ሥዕላቸውም የነጭ ሰው ቆዳ ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ያው ቁጣ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዴም በፀጉር ሥሮች ዙሪያ የተበተኑ ጥቃቅን ጉብታዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ቅላት የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። ልጇን ስታጥብ ጀርባውን በመዳፏ የምትዳብስ እናት ሻካራነቱንና ሙቀቱን ቀድማ ታገኘዋለች።

ለችፌ ዋናው ሕክምና ርካሽ ነው፦ ለብ ባለ ውኃ አጠር ያለ መታጠብ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን። ሲቆጣ ስቴሮይድ የተባለው ቁጣ አብራጅ ቅባት ይጨመራል። ከስቴሮይዶቹ አንዱ ሃይድሮኮርቲሶን ቆዳ ላይ እንደሚሠራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ክሎቤታሶል ያሉ እጅግ ብርቱዎች መጥተዋል። ልኩም ቀላል ነው፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ ቅባት 0.5 ግራም ገደማ ሲሆን ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል።

ከጎረቤት የተዋሱትን ስቴሮይድ ጭርት ላይ መቀባት ግን ክፉ ነው። ማሳከኩ ጋብ ይላል፣ የክቡ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፤ ሐኪሙም ሲያየው ይቸገራል። ፊት ላይ ብርቱውን ለወራት የቀባ ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ችፌው ድኖ ጥቁር ጠባሳው ስለቀረ ብቻ ስቴሮይዱን የሚቀጥሉ ሰዎች ነገር ነው። ያ ጥቁረት ቁጣው ትቶት የሄደው ቀለም ነው፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ወራትም ይወስዳል፤ ፀሐይ ደግሞ ያዘገየዋል። ማሳከኩና ሻካራነቱ ከጠፋ ስቴሮይዱ ሐኪሙ እንዳዘዘው ይቁም። ቫዝሊኑ ግን ይቀጥል።