ሶብር መስሎኝ የተውኳቸው ኪኒኖች



ለምን ወንበር ላይ እንደምሰግድ የጠየቃችሁኝ ወጣቶች አላችሁ። «ወገቤን አሞኝ ነው» ብዬ አልፌያችኋለሁ። ነገሩ ግን ከዚያ ይረዝማል።

የዲስክ መንሸራተት ነበረብኝ። ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ አውራ ጣቴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኝ ነበር። በመጨረሻ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ፣ አልሐምዱሊላህ በሰላም ወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ፣ ጋባፔንቲንና ትራማዶል ታዘዘልኝ፤ ለጨጓራዬ ደግሞ ኦሜፕራዞል። ለአንድ ወገብ ይህ ሁሉ?

በራሴ ፈትዋ ቀነስኩት። ፓራሲታሞል ለራስ ምታት ነው ብዬ ተውኩ። ጋባፔንቲንን ጎረቤት «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው» ሲለኝ ፈራሁት። ዳይክሎፌናኩን ጨጓራዬን አቃጠለኝ ብዬ አቆምኩ፤ ለካ በባዶ ሆዴ ነበር የምወስደው። ትራማዶልን ደግሞ የሚያደነዝዝ ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ሶብር ነው እያልኩ እከርማለሁ። ከዒሻ በኋላ ግን አልችልም፤ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት በአንዴ እውጣለሁ። አንድ ሌሊት ሲያስመልሰኝ አደረ። በእያንዳንዱ ማስመለስ ስፌቱ የሚቀደድ ይመስለኝ ነበር። ሌሎችን ለሱብሒ የምቀሰቅስ ሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነቃሁ።

ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። ኪኒኖቹን በፌስታል ይዛ ፋርማሲ ሄደች፣ ባለሙያዋንም በስልክ አገናኘችኝ። ልጅቷ ቆጥራ ስትጨርስ «ኡስታዝ፣ የሚያደነዝዘውን ፈርተው እሱን ብቻ ነው የዋጡት» አለችኝ። አፈርኩ።

ያስረዳችኝ ይህን ነው። ሕመሙ አንድ ዓይነት አይደለም። ዳይክሎፌናክ የቁስሉን እብጠትና ብግነት ይቀንሳል፣ ጋባፔንቲን የተቆጣውን ነርቭ ያበርዳል፣ ፓራሲታሞል በሌላ መንገድ ያግዛቸዋል። ሦስቱ በሰዓታቸው ከተወሰዱ ለትራማዶል የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሕመም ከነደደ በኋላ ማጥፋት ሳይነድ ከመከላከል ይከብዳል። የእኔ ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ 1 ግራም ነበር፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይበልጥም፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስለሚገኝ ሳያውቁ መደረብ አለ። ዳይክሎፌናክ ከምግብ ጋር ነው፣ አይቡፕሮፌን አይጨመርበትም፤ ኩላሊቱን ወይም ጨጓራውን የታመመ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ትራማዶልና ጋባፔንቲን አብረው እንቅልፍ ያበዛሉ፣ ከመጠን ካለፈ ትንፋሽ ያዳክማሉ፤ የእንቅልፍ ኪኒን ከተጨመረበት አደጋው ይብሳል። ለረጅም ጊዜ ከወሰዷቸው ደግሞ በድንገት አይቆሙም፣ በሐኪም እየተቀነሱ እንጂ። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፤ ወገቡ ለተሰፋ ሰው ማማጥ ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቃል።

በሶላት ወቅት ልወስዳቸው አስቤ ነበር፣ ግን በዒሻና በሱብሒ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል። ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁ።

የዒምራን ኢብኑ ሑሰይንን ሐዲስ ለልጆች ስንት ጊዜ አስቀርቻለሁ። ኪንታሮት ነበረባቸው፤ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉ በጎናቸው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። ለሰው ሳስተምረው ቀላል ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለሱጁድ ከሩኩዕ ትንሽ ዝቅ እያልኩ በምልክት ስሰግድ ግን የጀማዓው ዓይን ከሕመሙ በላይ ከበደኝ።

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም። ግን መስጂድ በእግሬ እመጣለሁ፣ ትራማዶልም በሐኪሜ ምክር ካቆምኩ ቆየሁ።

ስድስት ፍሬ ተርፎኝ ነበር። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ከእናንተ አንዱ ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ የተረፈች ትራማዶል የለችም? ወገቤን እያመመኝ ነው» አለኝ። ወገቡን አልያዘም፣ ዓይኔንም አላየኝም። «ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሂድ» አልኩት። «ኢንሻአላህ» ብሎ ሄደ። ስድስቱን በማግስቱ እንዲያስወግዷቸው ለፋርማሲው መለስኩ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሶፍ ውስጥ አላየሁትም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ከመግሪብ በኋላ እዚያው ወንበሬ ላይ ነኝ። አልቆጣህም።