በእኛ ነው በፈረንጅ?

ተበላ ውስጥ ሰው "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ካለ፣ ፀሐይ ከወጣች ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ አለቀ። ቀጠሮው ከአዲስ አበባ ቢሮ ወይም ከውጭ በስልክ የመጣ ከሆነ ግን አንዲት ጥያቄ ሳትነሳ ስልኩ አይዘጋም፦ "በእኛ ነው በፈረንጅ?" ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ሁለት ሰዓትና ሁለት ዘመን ይዞ የሚኖር ሰው ሳይጠይቅ አይውልም።

ይህችን ጥያቄ የማይጠይቅ ረዳት ያጋጠመኝ መስከረም 2018 ላይ ነው። ኤአይ ኤጀንት የሚባለውን መቼም ሰምታችኋል። እንደ ቻትቦት መልስ ሰጥቶ ዝም አይልም፤ መሣሪያ ከተሰጠው ሥራውን ራሱ ይሠራል። ካላንደር ሲሰጠው ክፍት ሰዓት ይፈልጋል፣ ቀጠሮ ይመዘግባል፣ ያዛውራል፣ ይሰርዛል። እኔም ለሥራ አንዱን ከካላንደሬ ጋር አገናኝቼ ነበር፤ ለሥራ ስብሰባ እውነትም ግሩም ነው።

አክስቴ የዐይን ሞራ አለባት። ሶዶ ከሚገኝ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷት ወረቀቱን አመጣችልኝ፤ ራሷ እንዳታነበው ዐይኗ አይረዳትም። ወረቀቱ ላይ "5/2/2018፣ 2:30" ይላል። ፎቶ አንስቼ ለኤጀንቱ ላክሁና "መዝግብ፣ ከሁለት ቀን በፊትም አስታውሰኝ" አልኩት። በሰከንዶች ውስጥ "ተመዝግቧል" አለ፤ ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት።

አክስቴ ግን በምልክት አታምንም። "ስንት ቀን ቀረኝ?" አለችኝ። ልቆጥርላት ካላንደሩን ስከፍት ቀጠሮው የለም። ጥቅምትን አየሁ፣ ኅዳርን አየሁ፣ የለም። በስም ስፈልገው ተገኘ፦ ፌብሩዋሪ 5፣ 2018 እንደ ፈረንጅ። በእኛ ጥር 28 ቀን 2010 መሆኑ ነው፤ ሰባት ዓመት ከምናምን ያለፈው ቀን። ሰዓቱም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል። ወደ ኋላ የተመዘገበ ማስታወሻ ደግሞ አይጮህም። ወረቀቱ የሚለው ጥቅምት 5፣ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ስነግራት በጣቷ ቆጠረችና "ከጊፋታ በኋላ ሦስተኛው ረቡዕ በለኛ!" አለች። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። የእሷ አቆጣጠር ወረቀትም ባትሪም አይፈልግም።

ማሽኑ የእኛን አቆጣጠር ስለማያውቅ ነው እንዳልል፣ ያውቃል። በኋላ ያንኑ ቀን "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ብዬ ስሰጠው ኦክቶበር 15፣ 2025 ብሎ በትክክል ቀየረው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። እውቀቱ እያለው ጥርጣሬው የለውም። ሰባት ዓመት ያለፈ ቀጠሮ እንዲመዘግብ ሲታዘዝ "ምን ነካው ይሄ ሰው?" አይልም። ሶዶ የሚሠራ አንድ ፀሐፊ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢያጋጥመው ወረቀቱን ገልብጦ ያያል፣ ይስቃል፣ ይጠይቃል።

መንገዱ ደግሞ ጨርሶ ያልተጠረገ አይደለም። ካላንደሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አይካላንደር የሚባል ስምምነት አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሟያው፣ አር.ኤፍ.ሲ. 7529፣ በየዓመቱ የሚደጋገሙ ቀኖች ከግሪጎርያን ውጪ ባሉ አቆጣጠሮችም እንዲጻፉ ፈቅዷል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የኛው አሥራ ሦስተኛ ወር ነው። ሳነበው ደስ አለኝ፤ ጳጉሜን እዚያ ድረስ ሄዳለች! ይህ ቅንጦት አይደለም። "መስከረም 1"ን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ላይ እንዲደጋገም ብታደርጉት መስከረም 1 ቀን 2020 ላይ በአንድ ቀን ይስታል፤ ጳጉሜን 2019 ስድስት ቀን ስላላት በዓሉ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ሰዓታችን ግን ይህም አልደረሰለትም። የሰዓት ቀጠና ምርጫው "አዲስ አበባ" ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄደውን አዲስ አበባ ማለቱ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሰው። እንዲህ የተስተካከለ ስልክ ላይ ኤጀንት ቢጨመር ምን ዓይነት ድብልቅልቅ እንደሚወጣ ገምቱ።

እኔ ኤጀንቱን አላባረርኩትም። የመጻፍ ፈቃዱን አንስቼ የማንበብና ሐሳብ የማቅረብ ብቻ ተውኩለት፤ እኔ "እሺ" ሳልል ምንም አይገባም። ቋሚ መመሪያው ላይም በአማርኛ ጻፍኩ፦ "ቀን ወይም ሰዓት ስታይ በእኛ ነው በፈረንጅ ብለህ ጠይቅ። ያለፈ ቀን ከመጣ ቁም።" አንዳንዴ ያበዛዋል፤ "ማታ አንድ ሰዓት" ስለው እንኳ ይጠይቃል። ይጠይቅ።

ትናንት የእድራችንን ስብሰባ ሰጠሁት፤ ጳጉሜን 3 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። "ሴፕቴምበር 8፣ 2026፣ በፈረንጅ 9:00 አድርጌ ላቅርብ?" አለኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው። እሺ አልኩት።