ሦስት ስፓይደርማኖችና ሦስት አክስቶች

ከእናንተ መካከል «ስፓይደርማን ያለበትን ቦርሳ ግዢልኝ» ተብላ ያልተነዘነዘች እናት ያለች አይመስለኝም። ቀይና ሰማያዊ ልብስ ለብሶ ከፎቅ ፎቅ የሚዘለው ይህ የሸረሪት ሰው በካናቴራና በደብተር ሽፋን ላይ ተስሎ ከመርካቶ እስከ ማሻ ገበያ ድረስ ዘልቋል። አብዛኞቻችን ሥዕሉን እየገዛን ታሪኩን አናውቀውም። «የፈረንጅ ቅዠት ነው» ብለን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ታሪኩ ከእኛ ቤት ብዙም የራቀ አይደለም።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፒተር ፓርከር የሚባል የኒውዮርክ ልጅ ወላጆቹን አጥቶ በአጎቱ በቤንና በአጎቱ ሚስት በሜይ ቤት ያድጋል። አንድ ቀን ልዩ ሸረሪት ትነክሰውና ከሰው ሁሉ የበለጠ ጉልበት ያገኛል፤ ግድግዳ ላይም እንደ ሸረሪት ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሊይዘው ሲችል «ምን አገባኝ» ብሎ ያሳለፈው ሌባ አጎቱን ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ በቤቱ የሚቀሩት ልጁና በሥጋ የማትዛመደው አሳዳጊው ናቸው። ቀን ይማራል፤ ሌሊት ለተጠቃ ይደርሳል፤ ለአክስቱ ግን ምንም አይነግራትም።

ይህን ታሪክ ደራሲው ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ላይ ያወጡት በ1954 ዓ.ም. ነው። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩት ታላላቅ ፊልሞች ደግሞ ሦስት ተዋንያን ተፈራርቀውበታል፤ ቶቤ ማጓየር፣ አንድሪው ጋርፊልድና ቶም ሆላንድ። ከሦስቱ ጋር ሦስት አክስቶችም ተፈራርቀዋል። ስለ ልጆቹ ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለ አክስቶቹ ግን የሚናገር አላጋጠመኝም።

እኔ ፊልሞቹን ያየሁት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በቤቴ ስላለ ነው። የሟች እህቴ ልጅ ነው፤ እዚህ ማሻ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው። ማሻን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በሸካ ደን መካከል ያለች ከተማ ስለሆነች ዝናቡ አንዴ ከጀመረ አይታክተውም። ልጅ ውጭ ወጥቶ ኳስ የማይጫወትበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ የጎረቤት ወጣት በፍላሽ የገለበጠልንን ፊልም፣ መብራት ባለ ጊዜ፣ ቅዳሜ ማታ የተቀቀለ ጎደሬ አቅርበን እናያለን። እንግሊዝኛው ሲያመልጠው እኔ እተረጉምለታለሁ።

መጀመሪያ ያየነው የማጓየርን ነው። ይህ ተዋናይ ዓይኑ ትልልቅ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው። ሸክሙን በፊቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል እንጂ አያወራውም። አክስቱን ሆና የምትጫወተው ሮዝሜሪ ሃሪስ ነች፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክከው አባታችን ሆይ የሚጸልዩ አሮጊት። በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሁለተኛው ፊልም ባንኩ ብድር ከልክሏቸው ቤታቸውን ሊያጡ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ለልጁ የልደት ቀን ሃያ ዶላር ይሰጡታል። አልወስድም ሲላቸው ይቆጡታል። ይህን ሳይ በየሰፈራችን ያሉ፣ በጡረታ ገንዘብ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ትዝ አሉኝ። በዚሁ ፊልም ልጁ በአጎቱ ሞት የነበረበትን ድርሻ ይነግራቸዋል። አሮጊቷ አንድም ቃል ሳይመልሱ እጃቸውን ከእጁ ላይ ያነሱና ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። ይቅር የሚሉት ቆይተው ነው። እውነት መናገር ዋጋ እንዳለው፣ ይቅርታም ጊዜ እንደሚፈልግ የዚያን ያህል በትክክል ያሳየኝ ፊልም የለም።

ሁለተኛው ጋርፊልድ ነው። የእርሱ ፊልም የወጣው የሸካ ደን በዩኔስኮ በተመዘገበበት በ2004 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጋርፊልድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሱ ፈጣን ነው። ተማሪ ሆኖ የተጫወተበት ይህ ፊልም ሲወጣ ዕድሜው ሃያ ስምንት ነበር፤ የእህቴ ልጅም «ይኼ እንኳ መምህር ነው» ብሎ ስቋል። ይሁንና ከሦስቱ ሐዘንን አሳምሮ የተጫወተው በእኔ ግምት እርሱ ነው። ቁጣው ቶሎ ይመጣል፤ እንባውም ቶሎ ይመጣል። አክስቱ ሳሊ ፊልድ ናት። ልጁ እያመሸ፣ ፊቱ ቆስሎ ሲገባ ታየዋለች። ዕንቁላል ይዞ እንዲመጣ አዛው ነበር፤ በፊልሙ መጨረሻ ገደማ ቁስል በቁስል ሆኖ ዕንቁላሉን ይዞላት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም፤ ታቅፈዋለች። በሁለተኛው ፊልም ደግሞ እርሷም የራሷን ምስጢር ትይዛለች፤ ኑሮውን ለመደጎም ከልጁ ደብቃ የነርስ ሥልጠና ትወስዳለች። ሥራ ውላ ማታ የምትማር እናት ይህን ስታይ ራሷን ማየቷ አይቀርም።

ሦስተኛው ሆላንድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ልብስ ሲታይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስለዚህም ልጅነቱ ልጅነት ይመስላል፤ ድምፁ ይሰባበራል፤ ትልልቆች እንዲያመሰግኑት ይጓጓል። በ2009 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ፍርስራሽ ተጭኖት «እርዱኝ» እያለ ሲያለቅስ ጀግንነቱን ረስታችሁ ልጅ መሆኑን ብቻ ታስባላችሁ። አክስቱ ማሪሳ ቶሜይ ከቀደሙት ሁለት ታንሳለች፤ ሥራ የምትሠራ፣ የምትስቅ፣ ገና የራሷ ሕይወት ያላት ሴት ናት። ምስጢሩን የምታውቀውም ልብሱን እንደለበሰ ክፍሉ ውስጥ ስታገኘው ነው። ከዚያ በኋላ በሚመጣው በ2011 ዓ.ም. ፊልም ከአንድ ሰው ጋር መቀራረብ ትጀምራለች።

የእኛ ጉዳይ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ከወር በላይ ዝም ብሎብኝ ነበር። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም» ይላል። ከትምህርት ቤት ዘግይቶ ይገባል፤ ምግቡን ይነካካና ይተወዋል። መምህሩን ጠይቄ ነበር፤ ጥፋት የለበትም። ያን ቅዳሜ ማታ ግን ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ፣
«እትዬ፣ ሜይ ብታገባ ፒተር የት ይሄዳል?» አለኝ።

አንባቢዎቼ፣ በዚህ ዓመት ለትዳር የጠየቀኝ ሰው አለ። ለልጁ ገና አልነገርኩትም ነበር፤ ምክንያቱም መልስ አልሰጠሁም። ሰፈር ግን ቀድሞኛል። አንዲት ጎረቤት «እሷ ካገባች አንተን ጎሬ ለአባትህ ወንድም ይሰጡሃል» ብላዋለች። ልጁ ይህን ተሸክሞ ነው ወር ሙሉ የከረመው። ፊልሙን አቆምኩት።

«የትም አይሄድም» አልኩት። «የሚያገባትም ሰው ቢሆን ቤት የሚገባው ፒተር ያለበት ቤት መሆኑን አውቆ ነው።»
«ካልፈለገስ?»
«ካልፈለገ አይገባም።»
«እኔስ?» አለ ቀስ ብሎ።
«አንተም የትም አትሄድም» አልኩት።

ጎደሬውን ሲጨርስ አየሁት። ለጠያቂዬም በማግስቱ ይህንኑ ቃል ነገርኩት፤ አስቦበት ይምጣ ብያለሁ፤ እያሰበ ነው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ሦስቱ ተዋንያን በአንድ ላይ ቀርበዋል። በዚያ ፊልም የሆላንድ አክስት ትሞታለች፤ የእህቴ ልጅ አለቀሰ፤ እኔም ተወውና አላልኩትም። ቀጥሎ ግን ሦስቱ ስፓይደርማኖች ተቀምጠው እያንዳንዱ ያጣውን ለሌላው ይናገራል። ጋርፊልድ ቀድሞ ያፈቀራትን ልጅ ከከፍታ ስትወድቅ ማትረፍ አልቻለም ነበር፤ በዚህ ፊልም ሌላዋን ልጅ ሲቀልባት ፊቱ ላይ የሚታየውን ማንም ተዋናይ የሚያሳፍረው አይደለም። የእህቴ ልጅ የሚመርጠው ሆላንድን ነው። እኔ ለትወና ጋርፊልድን፣ ለአክስትነት ደግሞ ሮዝሜሪ ሃሪስን እመርጣለሁ። በዚህ እንከራከራለን፤ መከራከሩም ደስ ይለኛል፤ ከ«ምንም» ይሻላልና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ልጅ ግን በሽታውን የሚደብቀው ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚናገርበት ቋንቋ አጥቶ ነው። ስለዚህ እናቶች፣ አክስቶችና አሳዳጊዎች ሁሉ፣ ልጃችሁ የሚወደውን ፊልም አንድ ጊዜ አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ እዩ። ለትንንሾቹ ድብድቡና ሞቱ ይከብዳልና ዕድሜያቸውን መዝኑ፤ አንሶላ አንገታቸው ላይ አስረው ከአጥር እንዳይዘሉም ጠብቁ። ለከፍ ያሉት ግን «የትኛው ይበልጣል? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አትቸኩሉበት፤ ልጁ ስለ ፒተር ሲጠይቅ ስለ ማን እንደሚጠይቅ አዳምጡ።

የሰው ልጅ የሚያሳድግ ቤት አጠገብ ያላችሁ ጎረቤቶች ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ስለ ልጁ የወደፊት ኑሮ የሰማችሁት ነገር ቢኖር ለአሳዳጊው ንገሩ እንጂ ለልጁ አትንገሩት። እንዲህ ያለውን ወሬ ወር ሙሉ ብቻውን ለመሸከም የአሥራ ሁለት ዓመት ትከሻ አይበቃም።