የሞተ ምስክር

በቅኔ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል አንዱን ቃል በሁለት ወገን ሳነብ፥ ደቀ መዛሙርትንም ሳስነብብ ከኖርሁ በኋላ፥ በገዛ መኪናዬ ውስጥ በፊቴ የምትበራውን አንዲት ብጫ መብራት በአንድ ወገን ብቻ ስላነበብሁ የእኅቴን ሁለት ልጆችና ራሴን ገደል ልጨምር ጥቂት ቀርቶኝ ነበረ። ነገሩን ለመናገር አፍራለሁ፤ ዳሩ ግን ዛሬ በየከተማው እንደ እኔ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ ስለ ሆነ የእኔ እፍረት ለሌላው ጥንቃቄ ይሆን ዘንድ እጽፈዋለሁ።

መኖሪያዬ በባሌ ሮቤ ነው። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኔም ለማስተማር በሳምንት ሦስት ቀን ከአንዱ ወደ ሁለተኛው እመላለሳለሁ። ጕልበቴ እየደከመ ሲሄድ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አሮጌ መኪና ገዛሁ። መኪናይቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓመት ተሠርታ አስቀድማ በአሜሪካ ስትነዳ የኖረች ናት። ምንም እንኳ ብታረጅ ለመለወጥ አልተመቸኝም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና እየጠገኑ ማቆየት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል፤ የእኔም ዕጣ ይኸው ነው።

በዚህች መኪና ዳሽቦርድ ላይ አንድ ቀን አንዲት ብጫ መብራት በራች። መልኳ የፈረስ ኮቴ ይመስላል፤ በመካከሏም ትእምርተ አንክሮ አለባት። ወደ ጎሚስታ ወሰድኋት፤ እርሱም አራቱን ጎማዎች በየተራ ለካና «የኔታ፥ ጎማዎ ሁሉ ደኅና ነው፤ ያረጀው መብራቱ ነውና አያስቡ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያን ቀን ጎማው ሁሉ ደኅና ነበረ። መብራቲቱ ግን በማግሥቱም በራች፤ በሳልስቱም በራች። ሌሊት ስነዳ ዓይኔን ስለምትወጋኝ አንድ ወዳጄ ጥቁር ፕላስተር ለጥፍባት ብሎ መከረኝና ለጠፍሁባት። እንዲህ ሆኜ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነዳሁ።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በደሎ መና የሚኖር የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ታሞ ስለ ነበረ ልጠይቀው ተነሣሁ። የእኅቴ ልጆችም ቆላውን እንይ ብለው ተከተሉኝ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው መንገድ በሳነቴ ሜዳ ላይ ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አምባ ነው፤ በአጠገቡም የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል። በዚያ ውርጭ አገር ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ቀይ ቀበሮም ፍልፈል እየጠበቀ በሣሩ መካከል ያደባል። ሜዳው ካለቀ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ በገደል አፋፍ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል።

በሜዳው ስንሄድ በስተ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ፕላስተሩን በጥፍሯ እየነካካች «አጎቴ፥ እዚህ ውስጥ የተሸፈነው ምንድር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «የማይረባ መብራት ነው፤ ተዪው» አልኋት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪው ወደ ግራ ይጐትተኝ ጀመረ፤ እኔ ግን የሳነቴ ነፋስ ነው ብዬ ወደ ቀኝ እየመለስሁ መንዳቴን ቀጠልሁ። ወደ ቁልቁለቱ ልንደርስ ስንል ብርድ ልብስ የተከናነበ አንድ ባላገር በፈረስ ከፊታችን መጣ። ባየንም ጊዜ ፈረሱን ገትቶ በአለንጋው ወደ ጎማችን እያመለከተ «ዻቢ! ዻቢ!» እያለ ጮኸ፤ ይህም በኦሮምኛ አቁም ማለት ነው።

ቆሜ ወረድሁ። የፊተኛው የግራ ጎማ በሚስማር ተወግቶ እየተነፈሰ ጐኑ መሬት ሊነካ ቀርቧል፤ እጄንም ባስነካሁት ጊዜ አቃጠለኝ። በመለኪያ ብለካው 32 ሊል የሚገባው 15 አለ። ንፋስ የጐደለው ጎማ በተሽከረከረ ቍጥር ጐኑ ይታጠፋል፤ በመታጠፉም ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ይቀደዳል ወይም በመጠምዘዣ ላይ ከቸርኬው ይወጣል። እኛም ወደዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ልንገባ የቀረን እጅግ ጥቂት ነበረ። ፈረሰኛው ከፈረሱ ወርዶ ክሪኩን አብሮኝ አቆመ፤ ብሎኖቹንም አብሮኝ ፈታ፤ ተጠባባቂው ጎማ ከገባ በኋላ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው መንገዱን ሄደ። ልጅቱ ወደ መኪናው ተመልሳ ፕላስተሩን አየችው፤ ነገር ግን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ወደ ቤቴ በተመለስሁ ጊዜ ያችን መብራት ምን እንደ ሆነች መመርመር ጀመርሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመት በአሜሪካ የጎማቸው ቆዳ በጉዞ ላይ እየተላጠ የተገለበጡ መኪኖች ብዙ ሰዎች እንደ ገደሉ በታወቀ ጊዜ የአገሩ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። በዚያም ሕግ መሠረት ከመስከረም 2007 ጀምሮ የሚሠራ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የጎማው ንፋስ ሲጐድል ለነጂው የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲኖረው ግድ ሆነ። አውሮፓውያንም በ2014 አዲስ ለሚሸጥ መኪና ሁሉ ይህንኑ አዘዙ። እንግዲህ ያች በፕላስተር የሸፈንኋት መብራት የብዙ ሰው ሞት ያስገኛት ኑራለች።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ፥ ንፋስ በሚሞላበት ቫልቭ ሥር፥ ሴንሰር የሚባል የአውራ ጣት የሚያህል ትንሽ ዕቃ ታስሯል። እርሱም የጎማውን ንፋስና ሙቀት እየለካ፥ ከራሱ መለያ ቍጥር ጋራ፥ በራዲዮ ሞገድ ለመኪናው ኮምፒዩተር ይልካል። ንፋሱ ከተወሰነው መጠን ሩብ ያህል የጐደለ እንደ ሆነ መብራቲቱ ትበራለች። ነገር ግን ሴንሰሩ የሚኖረው በውስጡ ባለች አንዲት ትንሽ ባትሪ ነው፤ ባትሪዋም እርጥበት እንዳይገባባት በማይከፈት ሙጫ ተደፍናለች። ዕድሜዋ ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት ነው፤ ባለቀችም ጊዜ ባትሪዋን ብቻ መለወጥ አይቻልምና ሴንሰሩ በሙሉ ይለወጣል።

አሁን አንባቢ ሆይ፥ የእኔን ድንቍርና ተመልከት። መብራቲቱ ሁለት ንባብ አላት። ሞተሩ እንደ ተነሣ ሳትጠቀስ ጸንታ ብትበራ፥ ወይም በጉዞ መካከል ድንገት ብትበራ፥ «ጎማህ ንፋስ ጐድሎታል» ማለቷ ነው። ሞተሩ ሲነሣ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ትንሽ አብልጣ ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ በኋላ ጸንታ ብትበራ ግን «ከምስክሮቼ አንዱ ሞቷልና የሚነግረኝ የለም» ማለቷ ነው። ይህ በእኛ ትምህርት ኅብር የሚባለው ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ይዞ ይቆማል። እኔ በየጧቱ ስትጠቀስ እያየሁ «አርጅታለች» ከማለት በቀር ምን እንደምትል አልጠየቅሁም፤ አንድ ተማሪ በቅኔ እንዲህ ቢያደርግ ግን በተቈጣሁት ነበረ።

ከዚህም የሚብስ ሌላ ነገር ተረዳሁ። ከሻሸመኔ የመጣ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መመርመሪያውን በየጎማው አጠገብ እያስጠጋ ባየ ጊዜ የሞተው የኋላው የቀኝ ሴንሰር ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተወጋው የፊተኛው የግራ ጎማ ምስክር ሕያው ነበረ! በሳነቴ ላይ ንፋሱ ሲጐድል ሲናገር ኑሯል፤ ነገር ግን በሞተው ምክንያት መብራቲቱ አስቀድማ በርታ ስለ ነበረ የሕያው ድምፅ ከሞተው ዝምታ ሊለይ አልቻለም። በላዩም ፕላስተር ነበረበት። የሞተ ምስክር ክፋቱ የራሱን ቃል ማጣታችን ብቻ አይዶለም፤ የሌሎቹንም ምስክርነት መናቅ ያስተምረናል።

ስለዚህ ልለውጣቸው ቈረጥሁ። አራቱ በአንድ ቀን ተሠርተው የገቡ ናቸውና አንዱ ካለቀ ሦስቱም መንገድ ላይ ናቸው ብሎ ወጣቱ ስለ መከረኝ አራቱንም ፈለግሁ። አስቀድሞ ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸው ገንዘቤን በከንቱ በሉት፤ የአውሮፓ መኪኖች ሴንሰር በ433 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሲናገር የእኔይቱ በ315 ነውና አንዱ የሌላውን ቋንቋ አልሰማም። የመኪናዬን ዓይነትና የተሠራችበትን ዓመት ሳልጠቅስ ማዘዜ የራሴ ጥፋት ነበረ። ኋላ የወንድሜ ልጅ ካለበት ከአሜሪካ ትክክለኞቹን ላከልኝ።

በሮቤ ያለው ጎሚስታ ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው በረዥም ብረትና በመዶሻ ነው፤ ብረቱ በሴንሰሩ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ አዲሱን ዕቃ በአንድ ምት ይሰብረዋል። ስለዚህ በየጎማው ላይ ከቫልቩ ጐን በጠመኔ ምልክት አደረግሁና «ልጄ፥ እዚህ አጠገብ ብረት አታግባ» አልሁት። እርሱም ስቆ «የኔታ፥ እኔን ደግሞ ቅኔ ሊያስተምሩኝ ነው?» አለኝ፤ ነገር ግን እንዳልሁት አደረገ። የላስቲክ ማተሚያውንም ከአዲሱ ጋራ በመጣው ለወጠ፤ የቫልቩንም ብሎን ሳያጠብቅና ሳያላላ አሰረ። ከዚህ በኋላ ወጣቱ መሣሪያውን ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ አገናኝቶ የአራቱን አዲስ ቍጥር በኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈ። ይህ ካልተደረገ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የቀድሞዎቹን ስም ብቻ ስለ ሆነ አዲሶቹ ቢናገሩ አይሰማቸውም። ፕላስተሩን በገዛ እጄ አነሣሁት፤ ሞተሩን ባስነሣሁም ጊዜ መብራቲቱ ጥቂት በርታ ጠፋች። በመጥፋቷ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ለባሌ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሮቤ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሳነቴ ስንወጣ የውጩ አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ከፍ ይላል፤ ወደ ቆላ ስንወርድ ደግሞ የውጩ አየር ስለሚከብድ ዝቅ ይላል፤ በዚህ ሁሉ ከጎማው አንዳች ንፋስ አልወጣም፥ አልገባም። ብርድ ደግሞ በየ10 ዲግሪው አንድ ወይም ሁለት ያህል ይቀንሰዋል፤ ሙቀትም እንዲሁ ይጨምረዋል። ስለዚህ ጎማ የሚለካው ከጕዞ በፊት፥ በጧት፥ ገና ሳይሞቅ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «አባቶቻችን ያለ ሴንሰር ነድተው የለምን? ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለምን?» አሉኝ። እውነት ነው፤ የሮቤን ስንዴ ጭነው የሚሄዱ ሾፌሮች ዛሬም ከመነሣታቸው በፊት በመኪናው ዙሪያ እየዞሩ ጎማውን በዱላ ይመታሉ፤ ከድምፁም የጐደለውን ያውቃሉ። ዱላ ይዞ የሚዞር ሰው ሴንሰር ባይኖረው አልፈርድበትም። እኔ ግን ዱላም አልያዝሁም፥ መብራቲቱንም አልሰማሁም፤ በሁለቱም መካከል ተኝቼ ነበረ። አሁን በየቅዳሜው ጧት አራቱንና ተጠባባቂውን ጎማ በእጄ እለካለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ቀን ወደ ጎባ ልሄድ ሞተሩን ባስነሣሁ ጊዜ መብራቲቱ ሳትጠቀስ ጸንታ በራች። ወዲያው ወርጄ ለካሁ፤ የኋላው የቀኝ ጎማ 23 ሆኖ አገኘሁት፤ ትንሽ ሚስማር ነበረችበት። ጎሚስታው እስኪያስተካክለው ድረስ ወደ ትምህርቱ ዘገየሁ፤ ተማሪዎቼም ለምን እንደ ዘገየሁ ጠየቁኝ። እኔም ከዚያ ቀን አስቀድሞ ለማንም ያልነገርሁትን የፈረሰኛውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው።