«አናተርፍበትም» ፈቃድ አይደለም

አሜሪካ ያሉ የኮሙኒቲያችን የአማርኛ ትምህርት ቤቶችና የመዘምራን ኅብረቶች የልጆችን ዝግጅት ቀርፀው ለወላጆች ሲያድሉ፣ ስለ ፈቃድ የሚያነሣ ሰው ከመጣ መልሱ አንድ ነው፦ «እኛ አናተርፍበትም!» ይህን መልስ ልሞግተው እፈልጋለሁ።

በመዝፈኑ በኩል እውነት አላቸው። የአሜሪካ ሕግ ዘፋኙም አዘጋጁም ሳይከፈላቸው፣ መግቢያ ሳይጠየቅ በአዳራሽ የሚቀርብን ዘፈን ያለ ፈቃድ ይተዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአምልኮ ሰዓት የሚዘመረውም እንዲሁ። ማባዛት ግን ሌላ ነው። ኖታ ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ሲዲ ማባዛት፣ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ መጫን የባለመብቱን ፈቃድ ይፈልጋል።

የቺካጎ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ይህን የተማረው ፍርድ ቤት ቆሞ ነው። አንድ አነስተኛ አሳታሚ በዓመት 100 ዶላር የሚከፍል አጥቢያ መዝሙሮቹን እንዲያባዛ ፈቅዶ ነበር፤ ሳይከፍሉ የሚያባዙ ግን በዙ። በ1984 እ.ኤ.አ. የፍርድ ቤቱ ጁሪ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደለት። ጉዳዩ በይግባኝ ቢቀጥልም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደነገጡ። በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሲሲኤልአይ (CCLI) የተባለ ድርጅት በአንድ ዓመታዊ ክፍያ የብዙ አሳታሚዎችን መዝሙር ለማባዛት የሚያስችል ፈቃድ ይሰጣል።

ሲዲ የማባዛት ፈቃድ ዋጋም አያስፈራም። አሜሪካ ውስጥ ቀደም ሲል የወጣን ዘፈን ራሳችሁ ዘፍናችሁ በድምፅ ብቻ ስታባዙ፣ የ2025 ተመን ከ5 ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን በአንድ ቅጂ 12.7 ሳንቲም ነበር። 200 ሲዲ ማለት ለአንድ ዘፈን 25 ዶላር ከ40። ለቪዲዮ ግን የተወሰነ ተመን የለም፤ ከባለመብቱ ጋር መነጋገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከሁሉ በላይ የራሳችን ዘፈን ነው። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ከበርን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት ውጭ ስለኖረች፣ አዲስ አበባ ለወጣ ካሴት አሜሪካ ውስጥ ከለላ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ «ማን ይከሰናል?» ብለን ቀጠልን። አገር ቤት ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ደራሲውንም፣ ከዋኙንም፣ አሳታሚውንም ያውቃል። ደግሞስ ለአዳራሹ፣ ለቲሸርቱ፣ ለድምፅ መሣሪያው ሳናቅማማ እንከፍል የለም? «ለልጆች ነውና በነፃ ይሁን» የምንለው ዜማውን የሠራውን ሰው ብቻ ነው። አንጋፋ የጥበብ ሰው ታመመ ሲባል ተሯሩጠን የምናዋጣውም እኛው ነን። ሰውዬው በጤናው ዘመን የሚገባውን ቢያገኝ ምናለ?

ፈላጊ ካለ ባለመብቱ አይጠፋም። የካሴቱ ሽፋን ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ጻፉላቸው። ስንት ቅጂ እንደምታባዙ፣ ለማን እንደሚታደል፣ ኢንተርኔት ላይ ይጫን እንደሆነ፣ ስንት መክፈል እንደምትችሉ ግለጹ። መልሱንም በጽሑፍ ያዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴው ሲቀየር ማን ምን እንደፈቀደ የሚያስታውስ አይኖርም።