ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ወላይታና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ላይ የቆመው ግልገል ጊቤ 3 ከፍታው 243 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 1870 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉ በወላይታ ሶዶ በኩል ያልፋል። ብዙዎች ይኮሩበታል፤ ይገባልም። ጥያቄው ሌላ ነው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ያለ ፈቃድ ሥራ መጀመርን ይከለክላል፤ ጥናቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበትም ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 እና 92 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ግንባታው ግን በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የግምገማው ሰነድ የጸደቀው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ቡልዶዘር ከገባ በኋላ ስብሰባ የተጠራ ገበሬ ምን ይበል? "አይሆንም" የሚለው መልስ አስቀድሞ ተሰርዟል። የሚቀረው የካሳ ክርክር ብቻ ነው።

ይህን ማንሳት ግድቡ ይፍረስ ማለት አይደለም። ግድብም ያረጃል፤ ደለል ይገባዋል፤ ጥገና ይፈልጋል። ውሃው መቼና ምን ያህል ይለቀቅ የሚለውም በየዓመቱ የሚወሰን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ውሳኔ የኪንዶ ዲዳዬ ገበሬና የታችኛው ኦሞ አርብቶ አደር ከኮንትራክተሩ በፊት ይጠሩ። ከውሳኔ በኋላ የሚደረግ ምክክር ስሙ ምክክር ሳይሆን መርዶ ነው።